ጣናን ጠረጴዛ ላይ፦ እውነት ወይስ ተረት?

የእናቴ ጠረጴዛ በሰፈራችን የታወቀ ነው። ሐሙሲት ውስጥ ድግስ ያለበት ጎረቤት ሁሉ ይዋሰዋል። ዳቦ ተቆርሶበታል፣ ሥጋ ተዘልዝሎበታል፣ ለእህቴ ሠርግ ድንኳን ሲሰቀል ሦስት ጎረምሶች ቆመውበታል። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ከባሕር ዳር አኳሪየም ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ሲመጣ «የት ይቀመጥ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው አለ።

የመስታወት ገንዳው ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ባዶውን ሁለት ሰው ስለሚያነሣው ቀላል መሰለን። ልጁ ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ሲነሣ አንድ ጎረቤት «ቆይ፣ ይሄ ነገር አይከብድም?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የምክር ሳምንት ሆነ። ያልመከረ የለም። ከምክሩ ጥቂቱ እውነት ነበረበት፤ የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ጠረጴዛውን በጋሪ ጭነን አናጢያችን ዘንድ ወሰድነውና ምክሩን አንድ በአንድ ፈተንነው። ከዚህ በታች ያለው ያገኘነው ነው።

1. «ሦስት ጎረምሳ የቻለ ጠረጴዛ ውሃ አያቅተውም»

ተረት።

መጀመሪያ ሒሳቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ይህ ገንዳ ከአፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጎደል ተደርጎ ሲሞላ፣ የመስታወቱ ውፍረት ተቀንሶ፣ ወደ 250 ሊትር ይይዛል። በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥራ ሁለት ተኩል መሆኑ ነው። የ10 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ስለሚመዝን ገንዳው ባዶውን 57 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አሸዋና ድንጋዩን 40 ኪሎ እንበል። ድምሩ ሦስት ኩንታል ተኩል ይደርሳል። ሦስቱ ጎረምሶች አንድ ላይ ቢመዘኑ ሁለት ኩንታል መሙላታቸውን እጠራጠራለሁ።

ከኪሎው የሚብሰው ደግሞ ጊዜው ነው። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ሰቅለው ወረዱ፤ ውሃ አይወርድም። ቀንም ሌሊትም፣ ዓመት እስከ ዓመት እዚያው ነው። እንጨት ለጥቂት ደቂቃ የሚችለውን ሸክም ለዓመታት አይችልም። መሐንዲሶች ለዘለቄታ ሸክም የሚፈቅዱለት ለአጭር ጊዜ ከሚችለው 60 በመቶ ያህሉን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ለመጥ ያለ ጣውላ በወራት ውስጥ ልመጣውን ወደ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። መጽሐፍ የበዛበት መደርደሪያ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሆዱን የጣለ መደርደሪያ መጽሐፉ ሲነሣለትም አይቃናም።

ጣውላ ቢለምጥ ራሱ ላይሰበር ይችላል። የሚሰበረው ላዩ ላይ ያለው መስታወት ነው። በዚህ ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ የፊት መስታወቱን ብቻ 120 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያንን ግፊት የያዘው ማዕዘኑ ላይ ያለ የሲሊኮን ክር ነው። ጠረጴዛው መሐል ላይ ሲሰምጥ ገንዳው በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ እግር ዝቅ ሲል ደግሞ ይጠመዘዛል። መስታወት ሁለቱንም አይወድም። ስለዚህ ጠረጴዛውን «ትችላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ቀጥ ብለህ ትቆያለህ ወይ?» ነው ጥያቄው።

2. «እግሩን አወፍረው፣ ሌላው ቀላል ነው»

ተረት።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። ነገር ግን እንጨት ቀጥ ብሎ ቆሞ ከላይ ሲጫኑት እጅግ ብርቱ ነው። አምስት በአምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ እግር 25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። በጣም ተጠንቅቀን በካሬ ሳንቲ ሜትር 50 ኪሎ ብቻ ብንሰጠው እንኳ አንዱ እግር ለብቻው 12 ኩንታል ይችላል። የእኛ ሸክም ሦስት ተኩል ነው፣ ያውም ለአራት እግር የሚካፈል።

እግር የሚያሸንፈው መዘመም ነው። አናጢው ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ከጎን ገፋ አደረገው፤ አራቱም እግሮች እንደ ሰከረ ሰው አብረው ዘመም አሉ። «ይኸውልህ» አለኝ፣ «እግሩ ደህና ነው፤ የሚይዘው ነው የሌለው።»

የአገራችንን ቤት አሠራር የሚያውቅ ሰው መድኃኒቱን ያውቃል። ቤት በቋሚ ብቻ አይቆምም። ማገር አለው፤ ከምሰሶው ተነሥቶ በሰያፍ ጣራውን የሚደግፍ ወጋግራ አለው። ጠረጴዛውም ወጋግራ ይፈልጋል። በሰያፍ የሚገባ እንጨት ከእግሩና ከአግዳሚው ጋር ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ጎኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹን አይለቅም። እኛ ከዚህም የቀለለ መንገድ መረጥን፦ ከኋላና ከሁለቱ ጎን 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በኮላና በሚስማር ከእግሮቹ ጋር አጣበቅን። አናጢው እንደገና ገፋው። ጠረጴዛው አልዘመመም፤ እንደ ሣጥን ሙሉውን ሸርተት አለ። የፈለግነው ይህንኑ ነው።

3. «ላዩን በሌላ ጣውላ ደርበው»

ግማሽ እውነት።

ውፍረት ኃይል መሆኑ እውነት ነው፤ የሚቆጠርበት መንገድ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። የጣውላ ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የነበረው አምስት ሲሆን አልለምጥ ባይነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን አንድ ወጥ ሲሆን ወይም መላ ገጹ በኮላ ሲጣበቅ ነው። ሁለት ጣውላ ዝም ብሎ ሲደራረብ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት የሚገኘው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው።

አናጢው ይህን በቃል አላስረዳኝም። ሁለት በርጩማ አራርቆ አስቀመጠና 15 ሳንቲ ሜትር ወርድና ሁለት ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ አስተኛባቸው። «ውጣበት» አለኝ። ስወጣበት ጣውላው ሆዱን ወደ መሬት ጣለ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ያንኑ ጣውላ በጠርዙ አቆመውና ሁለት ልጆች እንዳይወድቅ ከጎንና ከጎን ያዙት። ወጣሁ። ምንም አላለም። «እንጨቱ ያው ነው፣ ልጄ» አለ። «አቀማመጡ ነው።»

ቁጥሩም ከአናጢው ጋር ነው። ያ ጣውላ በጠርዙ ሲቆም ከተኛበት ጊዜ 36 እጥፍ ይገትራል፤ ወርዱ ለውፍረቱ ስድስት እጥፍ ነው፣ ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት። በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ሌላ ጣውላ ከመደረብ በሥሩ የቆመ ጣውላ ማስገባት የሚሻለው ለዚህ ነው። እኛ ከፊትና ከኋላ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ በእነሱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አምስት አጫጭር ተሻጋሪ፣ ሁሉንም በጠርዛቸው አቁመን ገጠምን። ሞራሌ ለምትጠቀሙም ሕጉ ያው ነው፤ አምስት በሰባት የሆነው ሞራሌ ሰባቱ ወደ ላይ ሲሆን ከተኛው ሁለት እጥፍ ገደማ ይገትራል።

ሁለተኛው ትርፍ መሐል ላይ እግር መጨመር ነው። ሸክሙ በእኩል ተዘርግቶ ሳለ በሁለት እግር መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲያጥር ልመጣው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ የመሐል እግር ጨመርን። ከሥራው ሁሉ ይህ ርካሹ ነበር፤ ጥቅሙ ግን ትልቁ።

4. «ሚስማር አብዛበት»

ተረት።

ሚስማር ሁለት እንጨት አያይዞ ያቆማል፤ ሦስት ኩንታል ተኩል ተንጠልጥሎበት እንዲኖር ግን አልተሠራም። በአንድ ቦታ ሲበዛ ደግሞ እንጨቱን በቃጫው አቅጣጫ ይሰነጥቀዋል፤ አጠነክራለሁ ያለ ሰው ራሱ ያዳክመዋል። የእናቴ ጠረጴዛ አግዳሚዎች ከእግሮቹ ጋር የተያያዙት ከጎን በተመታ ሚስማር ነበር። ውሃው ያን ጊዜ ቢሞላ ኖሮ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በስምንት ሚስማሮች ላይ ነበር።

የአናጢው ሕግ አጭር ነው፦ እንጨት በእንጨት ላይ ይቀመጥ። የእግሮቹን አናት በመጋዝ ደረጃ አበጀላቸውና አግዳሚው እዚያ ላይ አረፈ፤ ተሻጋሪው በአግዳሚው ላይ፣ ላዩ በተሻጋሪው ላይ። ብሎን ያስገባው እንዳይንሸራተቱ ብቻ ነው፤ ቀድሞ በመሰርሰሪያ በስቶ፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ አድርጎ። ሥራችሁን ለመፈተን ይህን ጠይቁ፦ ሚስማሩና ብሎኑ ሁሉ ቢወጣ ክብደቱ አሁንም ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አለው? ካለው መልካም ነው።

5. «ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለአጥር ነው፤ ዋንዛ ፈልግ»

ተረት።

ዋንዛ ውብ እንጨት ነው። ለመጋዝ ይመቻል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙም ያምራል። በጥንካሬ ግን ባሕር ዛፍ አያንስም፤ ከዋንዛ ይልቅ ከባድና ግትር እንጨት ነው። ከአውስትራሊያ ተነሥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ስሙ የጠፋው ሲደርቅ በሚያመጣው ጠባይ ነው። እርጥቡን ከቆረጡት በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ገጥሞ በላዩ ገንዳ ያኖረ ሰው እንጨቱ ከገንዳው ሥር ሆኖ እንዲጠመዘዝ ፈቅዷል ማለት ነው። መፍትሔው ጥላ ውስጥ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያስገቡ ደርድሮ፣ ከላይ ድንጋይ ጭኖ ለወራት ማድረቅ ነው። ወይም ከአናጢው ዘንድ የቆየውን መግዛት።

ሌላም ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። ማንም ከማያየው ከጠረጴዛ ሥር ለሚገባ አግዳሚ ዋንዛ መፈለግ ብክነት ነው።

6. «ቺፕውዱም ቀለም ከተቀባ ያው ነው»

ተረት።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የደንገል ታንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ተደግፎ በቁሙ ይቆምና ጸሐይ ይሞቃል። ውሃ የጠጣ ደንገል ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ እንደ ታንኳው ናቸው፤ ልዩነቱ ታንኳው ደርቆ ወደ ቀድሞው መመለሱ ነው። በኮላ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ከደረቀም በኋላ እብጠቱ አይወርድም፣ ጥንካሬውም አይመለስም።

ቀለሙ ገጹን ይጠብቃል። ውሃ የሚገባው ግን በገጹ አይደለም፤ በተቆረጠው ጠርዝና በብሎኑ ቀዳዳ ነው። አኳሪየም ያለበት ቤት ደግሞ ውሃ ሳይንጠባጠብበት የሚያልፍ ሳምንት የለም፤ ውሃ ይለወጣል፣ ክዳን ይነሣል፣ እርጥብ እጅ ጠረጴዛ ይደገፋል። ያላችሁ የቺፕውድ ጠረጴዛ ብቻ ከሆነ ለሻይ ተዉት።

7. «ዓሣው ሲያድግ ክብደቱም ይጨምራል»

ተረት ነው፤ ድንጋዩን ግን እዩ።

ዓሣ በውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖረው የሚመዝነው ቦታውን ከለቀቀለት ውሃ ጋር እኩል ስለሆነ ነው። አንድ ኪሎ ቆሮሶ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያፈናቅላል። የውሃውን ከፍታ በዚያው ልክ እስከያዛችሁት ድረስ ጠረጴዛው ዓሣ መኖሩንም አያውቅም። (አንድ ኪሎ ቆሮሶ በዚህ ገንዳ ውስጥ ይመቸው እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ድንጋይ ሌላ ነው። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ አንድ ሊትር የሚያህለው ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሊትር ውሃ ቢያስወጣም ወደ ሁለት ኪሎ የሚሆነው ትርፍ ሸክም ነው። ልጁ ከወንዝ ዳር እየለቀመ ያመጣውን ክምር ሚዛን ላይ ስናወጣው ግማሹን አስቀረነው። የቀረውንም ሹል ጫፉ መስታወቱን እንዳይወጋ በጠፍጣፋ ጎኑ አስቀመጥነው።

8. «ከሥሩ ስፖንጅ አንጥፍ፣ ጎርባጣውን ይውጠዋል»

ግማሽ እውነት።

መሠረቱ ልሙጥ መስታወት ለሆነ ገንዳ ከአምስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር ያለ ፎም ይረዳል። ሥራው ትንሽ ነው፤ የአሸዋ ቅንጣትን፣ የቀለም ጠብታን፣ የጣውላውን መጋጠሚያ ይውጣል። ሦስት ኩንታል የተጫነበት መስታወት ሥር የተረሳች አንዲት ቅንጣት ለስንጥቅ መነሻ ልትሆን ትችላለች።

ፎም የጎበጠ ጠረጴዛ አያቃናም፣ ያዘመመውንም አያስተካክልም። የፍራሽ ስፖንጅ ጭራሽ አይሆንም፤ አንዱ ቦታ ብዙ ሌላው ጥቂት እየተጨፈለቀ ገንዳውን ያወላግደዋል። ከሥሩ የፕላስቲክ ክፈፍ ኖሮት መስታወቱ ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ገንዳ ደግሞ ፎም አያስፈልገውም፤ የተሠራው በክፈፉ ላይ እንዲቆም ነውና ከሥር የሚገፋው ነገር ይጎዳዋል።

9. «ሞልተህ አሳድረው፤ ቆሞ ካደረ ቆመ ማለት ነው»

ግማሽ እውነት።

ማሳደሩ ጥሩ ነው፤ አንድ ሌሊት ግን ለእንጨት ምንም አይደለም። እኛ እንዲህ አደረግን። ከመሙላታችን በፊት ከፊተኛው አግዳሚ ሥር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረን አሰርን። ጣውላው ከለመጠ ወደ ሲባጎው ይጠጋል። ሩቡን ሞልተን አንድ ቀን ቆየን፣ ግማሹን ሞልተን ሌላ ቀን፣ ከዚያ እስከ አፉ። በየቀኑ የክብሪት እንጨት ይዘን ክፍተቱን እንለካለን። ለራሳችን ያስቀመጥነው ወሰን የአንድ ክብሪት እንጨት ውፍረት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ውሃውን ቀድተን እንደገና ልንሠራ። አላለፈም። ዓሣ የገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ተነጫነጨ፣ እኛም ዝም አልነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ ያለበትን ገንዳ፣ ግማሽም ቢሆን፣ አታንሡ፣ አትግፉ። ውሃው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ክብደቱም አብሮ ይሄዳል፣ መስታወቱም ይጠመዘዛል።

10. «ውሃ ልክ አንዴ ከታየ አበቃ»

ተረት፤ በእኛ አገር መሬት ላይ በተለይ።

አናጢው ውሃ ልኩን አስቀምጦ በጥር ወር አስተካክሎልን ሄዷል። የውሃ ልኳ አረፋ መሐሏ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። የረሳነው መሬቱን ነው። ከእኛ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ብዙው ቦታ ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ የተሠራ ቤትም አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። የሲሚንቶ ወለል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የምታዩት ለዚህ ነው። ወለሉ አፈር ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል፤ ጠባብ እግር አፈር ውስጥ ይሰርጋል። ለእያንዳንዱ እግር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ወይም ሁለቱን እግሮች የሚያያይዝ ወፍራም ጣውላ ከሥር መደረግ አለበት።

በነሐሴ አንድ ጧት ልጁ ጠራኝ። ለካ የውሃ ልክ መግዛት አያስፈልግም፤ አኳሪየሙ ራሱ ውሃ ልክ ነው። የውሃው ገጽ ምንጊዜም ቀጥ ነው፤ የመስታወቱ አፍ ግን በግራ በኩል ከውሃው የራቀው በቀኙ ካለው በአራት ሚሊ ሜትር ይበልጥ ነበር። የቀኙ እግር ዝቅ ብሏል። በገንዳውና በጠረጴዛው መካከል ወረቀት ሸጉጠን ልናስተካክል አሰብንና ተውነው፤ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ክብደቱን ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። የሚስተካከለው ከእግሩ ሥር ነው። ዓሣዎቹን በባልዲ አቆይተን፣ ውሃውን በጎማ ወደ ጀሪካኖች አውርደን፣ ባዶ የቀረውን ጠረጴዛ ቀና አድርገን ሁለት ቁራጭ ላሜራ ከእግሩ ሥር አስገባን። አሥራ ሁለት ተኩሉን ጀሪካን እንደገና መለስን። ቀኑ በዚሁ መሸ።

እናቴ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ላይ ሆና ስታየን ነበር። በመጨረሻ ቡና ይዛ ገባችና የውሃውን መስመር ጎንበስ ብላ አየች። «ጣናን አስተካክላችሁ ጨረሳችሁ?» አለች። ጨርሰናል አልኳት። «እስኪ መስከረም ይምጣ» አለችና ጠረጴዛዋን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ሲባጎውን እስካሁን አልፈታነውም።